«ጤነኛ» ተብሎ የተጻፈባት ብልቃጥ

ሐዘናችንን ልትካፈሉ ቤታችሁንና ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ሆይ! ይህን የሕይወት ታሪክ እንዲያነብ የታዘዘው የሟቿ አጎት ሲሆን፣ እርሱም ሟቿን ከተወለዱበት ቀን አንሥቶ «አንቺ» ሲላቸው የኖረ ቢሆንም፣ የሞተ ሰው በአንቱታ ይነሣልና ዛሬ አንደበቱ እየተኮላተፈም ቢሆን «እርሳቸው» ይላቸዋል። ታናሽ እህታቸው ግን በሕይወት ስላለች አንቱታው ይቆያት፤ ገና ብዙ ዘመን ይቆያት።

እርሳቸው ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከትምህርት ቤት ጸሐፊ እናታቸው፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው፣ የባቡር ሐዲድ በጓሮ በኩል በሚያልፍበት ሠፈር ተወለዱ። እናታቸው ሳቂታ፣ የጽሕፈት መኪናቸው ድምፅ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ቀልጣፋ ሴት ነበሩ፤ ነገር ግን የብርድ ወራት ሲገባ የጣቶቻቸው ጫፍ መጀመሪያ እንደ ወረቀት ይነጣል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፤ እግራቸውም ላይ ማንም ሳይነካቸው እንደ በለዘ ሥጋ ሐምራዊ ነጠብጣብ ይወጣል። ሐኪሞች ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ሲሉ፣ ጎረቤት ግን አንድ ቃል ብቻ ነበረው፦ «ብርድ ነው»። ራስ ቢያም ብርድ ነው፣ ወገብ ቢያም ብርድ ነው፣ ሆድ ቢነፋም ብርድ ነው፤ በእኛ ዘንድ ብርድ ያልተከሰሰበት በሽታ የለም። እናታቸው ኩላሊታቸው ደክሞ፣ ፊታቸው አብጦ ሲያርፉም «ብርድ መታት» ተብሎ ተቀበሩ። እርሳቸው ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ፤ እህታቸው ደግሞ ገና የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ነበረች።

አባታቸው ሁለቱን ሴቶች ልጆች በስፌት መኪናቸው አሳደጉ፤ እርሳቸውም እህታቸውን እንደ እናት አጥበው፣ አበጥረው፣ አስጠንተው፣ ሲያስፈልግም ቆንጥጠው አሳደጓት። በትምህርት የማይበገሩ፣ በክርክር ደግሞ የማይረቱ ነበሩ። አክስቶቻቸው አንዱን ሕመም «ብርድ ነው» ባሉ ቁጥር ዓይናቸውን ያፈጡና «ብርድ የሚባል በሽታ የለም፤ ያላወቅነውን ሁሉ ብርድ አንበለው» ይሉ ነበር፤ አክስቶቻቸውም «አይ የቀለም ቀንድ!» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። የላቦራቶሪ ሙያ ተምረው በማዕረግ ሲመረቁ አባታቸው የመጀመሪያውን ነጭ ጋዋን በገዛ እጃቸው ሰፉላቸው፤ ልጃቸው እጇ እንደ እናቷ እንዳይበርዳት ብለው ኪሶቹን በወፍራም ጨርቅ ገበሯቸው። እርሳቸው በዚህ ሲስቁ፣ አባታቸው ግን አልሳቁም።

በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ተቀጥረው ጥቂት ከሠሩ በኋላ ለተጨማሪ ትምህርት ሄደው ሲመለሱ፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸውን ሕመምተኞች ደም የሚመረምረውን ክፍል በኃላፊነት ተረከቡ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁት፣ ለአጎታቸው ባስረዱበት ቋንቋ እንዲህ ነው፦ በደማችን ውስጥ ከውጭ የሚመጣን ተሕዋስ የሚይዙ፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚባሉ ጥቃቅን ዘበኞች አሉ፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ግን እነዚህ ዘበኞች ሌባውን ከባለቤቱ መለየት ያቅታቸውና የገዛ ቤታቸውን ሰው መደብደብ ይጀምራሉ፤ ባጎረሱ መነከስ ማለት ይህ ነው። ከእነዚህም መካከል እጅግ ጥቂት፣ ጠባያቸው ፈጽሞ የተለየ፣ ሐኪም በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ አይቶ ሁለተኛ ላያያቸው የሚችል ብልሹዎች አሉ፤ እነርሱን አድኖ ማውጣት የእርሳቸው ሥራ ነበር። ክፍሉ በረጅም ኮሪደር መጨረሻ፣ ነጭ ሸክላ በተለጠፈበት ግድግዳ መካከል፣ አንድ ሰፊ መስኮትና ቀን ከሌት የሚያጉረመርም ትልቅ ማቀዝቀዣ ያለበት ነበር፤ እንግዳ የገባ እንደሆነ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ሰው የተናገረ መስሎት ዞር ይል ነበር።

የዚያው ክፍል የሙቅ ውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉን ባጥለቀለቀበት ቀን ሊጠግኑ የመጡት ቧንቧ ሠራተኛ፣ ኃላፊዋ ጋዋናቸውን ሰብስበው ወንበር ላይ ቆመው ትእዛዝ ሲያዘንቡ አይተው፣ በአንድ ቀን የሚያልቀውን ሥራ ለመጨረስ ሳምንት ሙሉ መመላለሳቸውን ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። በዓመቱ ተጋቡ፤ ሴት ልጅና ወንድ ልጅም ወለዱ። ባለቤታቸው ዝምተኛ ናቸው፤ እርሳቸው ግን ፈጣሪ አክሎላቸው ስለነበር የሁለቱንም ድርሻ ይናገሩ ነበር።

ትዳሩም ሥራውም ሞቅ ደመቅ ብሎ ሳለ ታናሽ እህታቸው ታመመች። መጀመሪያ መገጣጠሚያዎቿ አበጡ፤ ቀጥሎ አፏ ውሃ ካልተጎነጨችበት በቀር ዳቦ የማያስውጥ ሆነ፤ ከዚያም ዓይኗ ደረቀ። አባታቸው ባረፉ ጊዜ በሐዘንተኛው ሁሉ መካከል አንዲት ዘለላ እንባ ሳይወጣት ደርቃ ቆማ በመታየቷ «አንጀቷ ደንድኗል» ብሎ ያማት ሰው አልጠፋም። ሐኪሞች ግን ሰውነቷ እንባዋንና ምራቋን የሚያመነጩትን ዕጢዎች ራሱ እያጠቃ መሆኑን ነገሯት። ዛሬም ከፊታችሁ ተቀምጣ እንባ ባታዩባት፣ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ አትፍረዱባት።

ይህን ችላ ስትኖር፣ የብርድ ወር በገባ ሰሞን በእግሮቿ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ወጣ፤ የጣቶቿም ጫፍ እንደ ወረቀት ነጥቶ ጠቆረ። እርሳቸው የእህታቸውን ካልሲ ሲያወልቁ ያዩት የእናታቸውን እግር ነበር፤ «የተቀበረ እግር አየሁ» ብለው እንደነገሯቸው ባለቤታቸው ይመሰክራሉ። ብዙም ሳይቆይ ኩላሊቷ መድከም ጀመረ። የልብ ወዳጃቸው የነበሩት የመገጣጠሚያ ሐኪም «አንድ ብልሹ ፀረ እንግዳ አካል እጠረጥራለሁ፤ ካገኛችሁልኝ ኩላሊቷን የሚያተርፍ ከባድ ሕክምና እጀምራለሁ፤ ካላገኛችሁልኝ ግን መርዝ የመሰለውን መድኃኒት በጥርጣሬ ብቻ አልሰጣትም» አሉ፤ ልክም ነበሩ። ደሟ ተቀዳ፣ ተመረመረ፤ ውጤቱ «የለም» ሆነ። ደግሞ ተቀዳ፤ «የለም»። ፊቷ እንደ እናቷ ማበጥ ጀመረ፤ ደግሞ ተቀዳ፤ «የለም»። ያሳደጓት ልጅ ዓይናቸው እያየ እየሄደች ነበር።

በዚህ መካከል ከረጅም ዕረፍት መልስ ማቀዝቀዣውን ሲያጸዱ ከኋላ የተረሳች አንዲት ብልቃጥ አገኙ፤ እህታቸው ልትጠይቃቸው በመጣች ቀን እዚያው ወንበራቸው ላይ አስቀምጠው ራሳቸው ቀድተው፣ ደሙ ትኩስ ሳለ አጣርተው ያስቀመጧት ነበረች። ሲያስቀምጡት ጥርት ያለ የነበረው ቢጫ ውሃ አሁን ከታቹ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ተበላሽቷል ብለው ሊጥሉት፣ የተጻፈበትን ለማንበብ በመዳፋቸው ጨብጠው ወደ መስኮቱ ጠጋ ሲሉ፣ ያ ነጭ ነገር ዓይናቸው እያየው መሳሳት ጀመረ፤ ሳሳ፣ ጭስ መሰለ፣ ጠፋ፤ ብልቃጧም ምንም እንዳልነበረባት ሆና ጠራች። ወደ ቅዝቃዜው መለሷት፤ በማግሥቱ ነጩ ተመልሶ መጥቶ ተቀምጧል። እንደገና ጨበጧት፤ ሄደ። በክፍሉ አብረዋቸው የነበሩት ባልደረባቸው «ፀጉሬ ቆመ፤ ደሙ ውስጥ ሰው እንዳያየው የሚደበቅ ነገር ያለ መሰለኝ» እያሉ እስከ ዛሬ ይናገራሉ።

ነገሩ ይህ ነበር፦ አንዱ ብልሹ ፀረ እንግዳ አካል በሰውነት ሙቀት ሟሙቶ ይኖርና ብርድ ሲነካው ይረጋል፤ ረግቶም የጣትንና የእግርን ቀጫጭን ደም ሥሮች ይደፍናል፤ ከኩላሊትም ገብቶ ያቆስላል። እርሳቸው ይህን ከመጽሐፍ ያውቁት ነበር፤ ክፍላቸውም ይፈትሸው ነበር። ስሕተቱ ግን ጥንቁቅ ሠራተኛ ብቻ የሚሠራው ስሕተት ነበር። «ደም እንዳይበላሽ በቀዝቃዛ ሣጥን ይምጣ» የሚለውን ደንብ ያወጡት ራሳቸው ነበሩ፤ ነርሶቹም ቁጣቸውን ስለሚፈሩ ደንቡን አክብረው በበረዶ ላይ ያመጡላቸው ነበር፤ ስለዚህ የሚፈለገው ነገር ገና ኮሪደሩ ላይ እያለ ይረጋና፣ ከረጋው ደም ጋር ወደ ታች ወርዶ፣ ከቆሻሻ ጋር ይጣል ነበር። ክፍሉ ሲመረምር የኖረው የተረፈውን ንጹሕ ውሃ ነበር። «የለም» እያሉ ሲፈርሙ የኖሩትም ካስጣሉት በኋላ ነበር። አክስቶቻቸው ልክ ነበሩ፤ ብርድ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲያ ደሙ በሞቀ መርፌ እየተቀዳ፣ በሞቀ ውሃ ውስጥ እየቆየ እንዲጣራ አደረጉ፤ ከአልጋ እስከ ላቦራቶሪ ለሚደረገው መንገድ ግን ሌላ ዘዴ ስላልተገኘ፣ ብልቃጧን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ክንዱ እንደተሰበረ ሰው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ኮሪደሩን ይሮጡት ነበር። «ባለብብቷ» የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው። በላቦራቶሪ ሥራ ደግሞ የታማሚ ደም ብቻውን አይፈተንም፤ ከጎኑ የጤነኛ ሰው ደም ይቆማል። የጤነኛው እንደጠራ ከቀረ የታማሚው መርጋት እውነት ነው፤ የጤነኛውም ከረጋ ግን ፈተናው ራሱ ተበላሽቷልና ውጤቱ ይጣላል። እርሳቸው እንደ ልማዳቸው የራሳቸውን ደም ቀድተው፣ በአንዷ ብልቃጥ ላይ የእህታቸውን መለያ፣ በሌላዋ ላይ «ጤነኛ» ብለው ጽፈው፣ ጎን ለጎን አቆሟቸው።

ሐኪሙ ውጤቱን ሊያዩ በሚመጡበት ጠዋት ማቀዝቀዣውን ከፈቱ። የእህታቸው ብልቃጥ ከታቿ ነጥታለች። «ጤነኛ» የምትለዋ ግን እስከ ወገቧ ነጥታለች።

መለያው ተቀያይሮ ይሆናል ብለው ሐኪሙን በሰበብ መለሱና እንደ አዲስ ቀዱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ባለቤታቸውን ጠርተው ክንዳቸውን እንዲሰጡ ጠየቋቸው፤ ባለቤታቸውም ለምን እንኳ ሳይሉ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ቀኑ ደርሶ ሲከፈት የባለቤታቸው ደም እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ቀረ፤ የእህታቸው ነጣ፤ ማንም ሳያይ ከኋላ ያቆሟት የራሳቸው ብልቃጥም ነጣች። እንግዲህ ፈተናው ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው «ጤነኛ» የሚለው ቃል ነበር። ለሐኪሙ ሁለቱን ብልቃጦች አሳዩ፤ ሦስተኛዋን ኪሳቸው ከተቱ። በዚያው ቀን የእህታቸው ሕክምና ተጀመረ፤ ደሟ በማሽን ታጠበ፣ ከባዱ መድኃኒት ተሰጣት፣ ኩላሊቷም ከአፋፍ ተመለሰ። ቀድሞ «የለም» የተባሉ ሌሎች ሕመምተኞችም ተጠርተው እንደገና ተመረመሩ፤ የእግሩ ጣት የጠቆረ አንድ የአውቶቡስ ሾፌርና ጣቷ ጠመኔ መያዝ ያቃታት አንዲት አስተማሪ በዚያ ምርመራ ተገኝተው ዳኑ። ሠራተኞቻቸው ሁሉ አንድ ክንዳቸውን አጣብቀው በዚያ ኮሪደር ሲመላለሱ ያየ እንግዳ «እዚህ ቤት ምን ዓይነት ልክፍት ገብቷል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

እርሳቸው የራሳቸውን ለምን ዝም አሉ? ይህ አንባቢ ነገሩን ብዙ ጊዜ አውጥቶ አውርዶታል። መጀመሪያ ሐኪሙ ፈተናውን ተጠራጥረው የእህታቸውን ሕክምና ያዘገዩታል ብለው ፈርተው ነበር፤ ይህ ይገባል። እህታቸው ከዳነች በኋላ ግን «አንቺ ጤነኛ ባትሆኚ ኖሮ እኔን ማን ያወጣኝ ነበር?» ማለት አበዛች፤ በእርሳቸው ጤንነት መማልም ጀመረች፤ ያን ቃል ከአፏ መንጠቅ አቃታቸው። በሽታውም በእርሳቸው ላይ ገና አድፍጦ ስለነበር፣ ዝም አይነቅዝም ብለው ዝም አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ ሕመምተኛውን ሁሉ ሲመክሩ የኖሩት እርሳቸው መሆናቸውን ስታስቡ፣ ጉድ አያሰኝም?

ለፈተናው የባለቤታቸውን ደም እያቆሙ፣ በየዓመቱ ብርድ ሲገባ ግን የራሳቸውንም ደም እየቀዱ፣ «ጤነኛ» ብለው እየጻፉ በዚያው ማቀዝቀዣ ከኋላ ያቆሙ ነበር። ጠዋት ለሰው ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት በሩን ከፍተው ያዩዋታል፤ ነጩ ከዓምናው ከፍ ብሎ ይጠብቃቸዋል፤ ሲጨብጡት ይሄዳል፣ ሲመልሱት ይመጣል። በቤታቸውም በፀሐይ ወራት ሳይቀር ጓንትና ወፍራም ካልሲ ማድረግ ጀመሩ፤ ልጆቻቸው «ምነው እማዬ?» ሲሏቸው «ብርድ ነው» ይሉ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚለው ነውና ማንም ልብ አላላቸውም። አክስቶቻቸውማ «ይኸው የቀለም ቀንዷም አመነች!» ብለው ተሳሳቁባቸው። እውነቱን በየቀኑ እየተናገሩ ሰሚ ሳያገኙ ኖሩ።

ያወቀችባቸው እህታቸው ናት። አንድ ቀን ለተለመደው ምርመራ ሄዳ፣ ብልቃጧን እንድታይ ማቀዝቀዣው ሲከፈትላት፣ ከእርሷ ብልቃጥ ኋላ ከአፍ እስከ ገደፏ የነጣች ሌላ ብልቃጥ አየችና «ይቺ ምስኪን ማን ናት? ከእኔ የባሰባት አለች እንዴ?» አለች። ክፍሉ ውስጥ የነበረችው አዲስ ባለሙያ ብልቃጧን ዞር አድርጋ አነበበችና «ጤነኛ ይላል፤ የኃላፊያችን የራሳቸው ደም ነው» አለቻት። እህታቸው ነጩ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ የምታውቅ ናትና እዚያው ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተቀመጠች። ከዚያም ቤታቸው ሄዳ ጓንታቸውን ከእጃቸው አወለቀች፤ የጠቆሩት የጣት ጫፎች ወጡ። «በአንቺ ጤንነት ስምል ኖሬያለሁ እኮ! ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ?» ስትላቸው፣ ያ የማይረታ አንደበት ያገኘው መልስ «ጤነኛ ብዬ ከጻፍኩ የምሆን መስሎኝ ነበር» የሚል ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ታከሙ፤ ሐኪም ወዳጃቸው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ አላየሁም» ብለው እያለቀሱ የቻሉትን ሁሉ አደረጉላቸው፤ በዚህም ሴት ልጃቸውን ለመዳርና የልጅ ልጅ ለማቀፍ የበቁ ጥሩ ዓመታት አገኙ። ነገር ግን ብዙ ዘመን የተተወው በሽታ በመጨረሻ ወደ ካንሰር ተለውጦ ንፍፊታቸውን አሳበጠ፤ ከዚያም በኋላ እየከሱ፣ ራሳቸውን እየሳቱ፣ ግን እስከ መጨረሻው ነርሶቹን «ደሙን ሞቅ አድርጋችሁ ያዙ!» እያሉ እየተቆጡ፣ ትናንት ጠዋት በሠሩበት ሆስፒታል፣ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ እጃቸው በእህታቸው ሁለት መዳፎች መካከል እንዳለ ዐረፉ።

ብዙዎቻችሁ ቀብሩ ለምን እንዲህ ተቻኮለ፣ ወንድ ልጃቸው ከሩቅ አገር መንገድ ላይ ሳለ ለምን አልተጠበቀም ብላችሁ ጠይቃችኋል። የሆስፒታሉ ሠራተኞች አስከሬኑን ልጃቸው እስኪደርስ በማቀዝቀዣ ክፍል እንዲቆይ ሊወስዱ ሲሉ እህታቸው በሩ ላይ ተጋድማ ከለከለች። ደንቡ ነው ቢሏት አልሰማችም፤ ሰው ሳይሰማ መቅበር ይከብዳል ቢሏት አልሰማችም። በመጨረሻ ይህ አንባቢ ራሱ ጠጋ ብሎ «ልጄ፣ የሞተ ሰው እኮ ብርድ አይሰማውም» ቢላት፣ ቀና ብላ በዚያ እንባ በሌለው ዓይኗ አይታው «በሕይወት ሳለች ብርድ ነው ስትለን የሰማናት አለን?» አለችው። ልጃቸውም በስልክ ሲጠየቅ «አክስቴ እንዳለችው ይሁን፤ እናቴን ብርድ ውስጥ አታስገቡብኝ፤ እኔ በመቃብሯ ላይ አገኛታለሁ» ብሏል። ነገ ሲደርስ «ሳትደርስባት» የሚል ቃል ከማናችሁም አፍ እንዳይሰማ ቤተሰቡ ይለምናችኋል።

እርሳቸው ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ በእጃቸው ያሳደጓትንና ከሞት የመለሷትን ታናሽ እህታቸውን፣ የላቦራቶሪ ባልደረቦቻቸውን፣ እንዲሁም ቀድሟቸው መሄድ የነበረበትን ይህን ሽማግሌ አጎታቸውን ትተው ሄደዋል። የልጅ ልጃቸውና ሴት ልጃቸው ከእህታቸው ጋር በዚህ ሳምንት ደማቸውን ሰጥተው ይመረመራሉ፤ ይህም የሟቿ የመጨረሻ ትእዛዝ ነበር። ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ ብርድ በማይደርስበት፣ ሕመምም በማይደበቅበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡ መጽናናትን፣ ለእናንተም ለሐዘናችን ለደከማችሁት ሁሉ ጤናን ይስጥልን። አሜን።